ድሬ ላይ ቦብካት ወይም ሎደር ያላችሁ፣ አወር ሜትር ካስቸገራችሁ እኚህን አባት ፈልጓቸው

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ እንዲገባችሁ ግን ከንዴቴ መጀመር አለብኝ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

አንድ አሮጌ ቦብካት አለን፤ አፈር የሚዝቅ ትንሽ ማሽን ነው። ወረቀቱ ላይ ስኪድ ስቲር ሎደር ነው የሚለው፤ እኛ ግን ማርኩ ምንም ይሁን ምን ቦብካት ነው የምንለው። ድሮ የሚሠራበት ባለቤቴ ራሱ ነበር። እዚያች ጠባብ ወንበር ላይ ዓመት ከዓመት ሲናጥ ወገቡ ተጎዳ፣ ሐኪም ከለከለውና ቤት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ኪራዩን የምከታተለው እኔ ነኝ። የሚነዳው ደግሞ ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማረው ልጅ ነው። እኛ ቤት አድጓል ማለት ይቻላል።

ይህ ማሽን የሚከራየው በሰዓት ነው። ሰዓቱን የምትቆጥረው ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ አወር ሜትር ነች። ማሽን የሌላችሁ ቀፊራ ገበያ ያለውን ሚዛን አስቡ። ሚዛኑ ከተበላሸ ሻጭና ገዢ ምን ሊባባሉ ነው? ዘይትና ፊልትሮ የሚቀየረውም በእሷ ነው፤ የእኛው በየ250 ሰዓቱ ይቀየራል። የእኛዋ ቆጣሪ 6,104 ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። አዲስ ገዛሁና ይታሰርልኝ ብዬ አንድ ቦታ ወሰድኩት።

የት እንደሆነ አልናገርም። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አልቆ ነበር። ሂሳብ ሲቀበል ከእኔ ተቀበለ፣ ሲያስረዳ ግን ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ ነው። ሴት ሆናችሁ በማሽን ሥራ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ግድ የለም ብዬ ዋጥኩት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሳይቱ ፎርማን ስልክ መጣ። ሰኞ ማታ 11 ሰዓት ላይ ቆጣሪዋን በስልኩ ፎቶ አንስቷታል። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደግሞ አነሳት። በመሃል 14 ሰዓት ጨምራለች። «አቦ አታሞኙን! ማሽኑ ቆሞ ነው ያደረው፣ ሰዓቱን በእጃችሁ ነው የምታስሮጡት? ወይስ ማታ ማታ ለሌላ ታከራዩታላችሁ?» አለኝ። ሠራተኞቹ እየሰሙ ነው። ሌባ የሚል ቃል በሕይወቴ ተብዬ አላውቅም። የዚያን ቀን ተባልኩ። ሥራውም ተቋረጠ።

ወደ አሠረው ሰው ሮጥኩ። ማሽኑን ለማየት እንኳ አልተነሳም። «እኔ ያሠርኩት ልክ ነው። ኦፕሬተርሽን ጠይቂው፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚያድረው?» አለኝ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ልጁን ጠየቅኩት። እየተጠራጠርኩት ነው የጠየቅኩት። ናፍጣው ቀንሶ እንደሆን እንኳ ልይ አላልኩም። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ ሰምቶኝ ነበር፤ ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ ሞከርኩ። አንደኛው ክዳኑን ሳይከፍት የማሽኑ ሽቦ በሙሉ ተነቅሎ በአዲስ መቀየር አለበት ብሎ የጠራልኝን ዋጋ ሰምቼ ወንበር ፈለግኩ። ሌላው ሰው «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ አራት ቀን አስጠበቀኝ። አራት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ! ማሽኑ ቆሟል፣ ልጁ የለም፣ ገቢ የለም። ቆጣሪዋ ግን ትሄዳለች።

ስለ እኚህ አባት የነገረችኝ ለገሃር አካባቢ ሆጃ የምታፈላ ሴት ነች። ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ፣ ነገርኳት። «የሸሚንደፈሩን ሰውዬ አትጠሪም እንዴ?» አለች። ሸሚንደፈር የምንለው ባቡሩን ነው፤ ሰውዬው ኤሌክትሪክ የተማሩት ልጅ ሳሉ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። እኛ ድሬዎች ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ስለ መግባቱ እናወራለን እንጂ ያ ወርክሾፕ ስንት ባለ እጅ እንዳወጣ ብዙም አናወራም። አባቴ «ሸሚንደፈር ያስተማረው ሰው ሽቦ ከመንካቱ በፊት ያስባል» ይል ነበር። በዓይኔ አየሁት።

ቅዳሜ ነበር፣ ረመዳን። ቀትር ላይ በባጃጅ መጡ። እሳቸው ፆመኛ ናቸው፣ የድሬን የቀትር ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማታ ይምጡ ብያቸው ነበር። «ሲመሽ ሽቦ በደንብ አይታየኝም፣ ሰው ደግሞ ተቸግሮ አይቆይም» አሉኝ። የያዙት አንድ ፌስታል ነው። ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ አንዲት ቆርቆሮ ሳጥን፣ በቃ።

መጀመሪያ ምንም አልነኩም። መነጽራቸውን አድርገው ቆጣሪዋን አነበቡ፤ 387.4 ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ አጠገባችን ቆሞ ወደነበረው ዘበኛ አይደለም፣ ወደ እኔ። «ልጄ፣ ይህቺ የታሠረችው መቼ ነው?» ሐሙስ፣ ዛሬ 16 ቀኗ ነው አልኳቸው። ስልኬን አስከፈቱኝና «387ን ለ24 አካፍዪልኝ» አሉ። 16 ከምናምን መጣ።

ዝም ብዬ አየኋቸው። አልገባኝም ነበር።

«ልጁ ሰው ነው፣ ይተኛል። የማይተኛው ይሄ ነው» አሉና ቆጣሪዋን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ቁልፉን ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡ። ጆሮሽን አስጠጊ አሉኝ። አስጠጋሁ። ማሽኑ ጠፍቷል፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ ውስጧ ግን ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ ይላል። እንደ ግድግዳ ሰዓት። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሌባውን ያገኘሁት እዚያ ነው። ልጄን የጠረጠርኩት በዚያች ድምፅ ነበር። እዚያው ጎማው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ምንም አላሉኝም፣ ሥራቸውን ቀጠሉ።

የሠሩትን በሙሉ ልነግራችሁ አልችልም፣ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። የፊተኛው ሰው ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ነው ያመጣው። ስለዚህ ቁልፍ ተከፈተ አልተከፈተ ለቆጣሪዋ አንድ ነው። እሳቸው ደግሞ ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ ሲገፋ ብቻ እንድትቆጥር አደረጓት። እዚያ ላይ የነበረችው የዘይት ሴንሰር የቀዩ መብራት ነች፤ መብራቱን የምታበራው ዘይት ሲጠፋ ስለሆነ ለቆጣሪ ተቃራኒ ነች አሉኝ። ከሳጥናቸው ሌላ አውጥተው ጨመሩ። ፊውዝም አልነበረውም፣ አደረጉለት። አዲስ ቆጣሪ ልግዛ ወይ ስላቸው ተቆጡ። «ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ገንዘብሽን ለምን ትጥያለሽ? የታሠረበት ቦታ ነው ልክ ያልሆነው።» አስቡት፣ ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ይሸጥልኝ ነበር።

ጨርሰውም አልሄዱም። ቁልፉን ከፈቱ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ። ስሚ አሉኝ። ዝም። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። የመጨረሻዋ ቁጥር አንድ ስትጨምር 6 ደቂቃ ነች፣ የሰዓት አንድ አሥረኛ፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጡኝ። 6 ደቂቃ ሙሉ ካቢኑ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። 4 የነበረችው ወደ 5 ስትዞር «አየሽ?» አሉ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው። ከዚያ የሞተሩን ክዳን ከውስጥ በኩል በቀለም ጻፉበት፤ የድሮው 6,104፣ አዲሱ ከ387.4 በፊት ያለው አይቆጠርም። ነገ ብትሸጪው የሚገዛሽ ሰው እንዳይታለል ነው አሉኝ። በመካከል የሠራውን በትክክል የሚያውቅ ስለሌለ ዘይቱን ዛሬውኑ ቀይሪ፣ ከዚህ ጀምረሽ 250 ቁጠሪ አሉ።

የጠየቁኝ ሂሳብ ትንሽነቱ ያሳፈረኝ ነገር ነው። ጨምሬ ስሰጣቸው መለሱልኝ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡኝ። «ቁልፉን ለልጁ በሰው እንዳትልኪለት። ራስሽ ሄደሽ ስጪው።»

ያን ዕለት ማታ ገንደ ቆሬ ልጁ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፣ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣልኝም። ቁልፉን ተቀብሎ ትንሽ አገላብጦ አየው። «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምንገባው?» አለኝ። ይኸው ነው። እናቱ እራት ሳልበላ አልለቀቀችኝም።

ለፎርማኑም የሆነውን ሁሉ አስረዳሁት። ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ነበር፣ ግን ስሜ ጸድቷል። ከዚያ ሌላ ሳይት ያገናኘንም እሱው ነው።

እባካችሁ ድሬ ያላችሁ፣ ሐረርም ያላችሁ፣ ማሽናችሁ አሮጌ ነው፣ ሽቦው ሁሉ ይቀየር ከተባላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እኚህን አባት አሳዩአቸው። እውነቱን ነው የሚነግሯችሁ። የማይችሉትን አልችልም ይላሉ። ሴት ከሆናችሁ ደግሞ ፊት ለፊት እያዩ ያስረዷችኋል። ስማቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስላስማሉኝ ነው ያልጻፍኩት። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፈቅደውልኛል፣ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ደውሉላቸው። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይሁን። ስልክ ካላነሱ ሥራ ላይ ናቸው፣ መልሰው ይደውላሉ። መንገድ ላይ ነኝ ካሉ እውነትም መንገድ ላይ ናቸው።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ቆጣሪዋ ዛሬ ማታ 599.6 ላይ ነው ያደረችው። ዘይት ለመቀየር 37.8 ሰዓት ቀርቶናል፤ ያሰላው ልጁ ነው።