ቤቱ ጅሬን፣ ዕቃው ከተማ፦ በጅማ ስለተጠቀምኩበት የጉብኝት አገልግሎት

ከብዙ ዓመታት የውጭ ኑሮ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዬ ጅማ ስመለስ ለልጆቼ በቅድሚያ ላሳያቸው የፈለግሁት በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነበር። ሥፍራው ከመሐል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የግማሽ ቀን ጉብኝት ከሚያዘጋጅ ድርጅት ጋር ተዋዋልን፤ መኪናው ንጹሕ፣ ሾፌሩም ቀጠሮ አክባሪ ነበር።

በቤተ መንግሥቱ የተቀበሉን አዛውንት አስጎብኚ ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 እንደገዙ፣ ለምኒልክ በሰላም በመገበራቸውም ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ እንደቆየች ካስረዱን በኋላ ትኩረታችንን ወደ ሕንጻው መለሱት። ቤቱ በአመዛኙ የእንጨት ሥራ በመሆኑ፣ በዚህ ዝናባማ አገር ከአንድ ቀዳዳ ቆርቆሮ የሚገባ ውሃ ወለሉን እንዴት እንደሚያበሰብስ፣ ምስጥም እርጥቡን እንጨት ተከትሎ እንዴት እንደሚገባ ዘርዝረው ነገሩን። ልጄ የሰገነቱን መደገፊያ ሲይዝ «ልጄ፣ አትደገፈው፤ ይህ ቢሰበር እንዲህ አድርጎ የሚጠርብልን ሰው ማግኘት ከባድ ነው» አሉት። በውጭ ያለን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን ጣራ እንቀይር ስንል ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም ጥገና አስቀድሞ እንዲፈቀድ የሚያዝ መሆኑን ልናውቅ ይገባል፤ በቅን ልብ የተለወጠ ጣውላም ቢሆን የቀድሞውን ሥራ ያጠፋልና።

ያሳዘነኝ የድርጅቱ ዝግጅት ነው። የንጉሡና የቤተሰባቸው መገልገያ ዕቃዎች የሚታዩት በከተማው ባለው የጅማ ሙዚየም ሆኖ ሳለ፣ ወደዚያ እንዲወስዱን ስንጠይቅ «በፕሮግራሙ የለም» ተባልን። በማግሥቱ በባጃጅ በራሳችን ሄድን። ልጆቼ የንጉሡን ዕቃ ሲያዩ፣ ትናንት ባዶ ሆነው የታዩአቸው ክፍሎች ሰው የኖረባቸው መሆናቸው ያን ጊዜ ገባቸው፤ ሴት ልጄም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማና የሰገነቱ ቅርጽ የአንድ አገር የእጅ ሙያ መሆናቸውን ራሷ አስተዋለች።

ስለዚህ ጉብኝት የምትገዙ ወገኖቼ ሁለቱ ሥፍራዎች በአንድ ውል መካተታቸውን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከተቻለም ሙዚየሙን አስቀድሙ፣ ለጅሬንም ዝናብ የማይበዛበትን ወራት መርጣችሁ ሙሉ ጠዋት ስጡት።