ስታዲየም አካባቢ ያለው የማስተር ቤት፦ ቀላል ክብደት ለሚወድ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ ቀላል ክብደት ኤምኤምኤ (ቦክስ፣ ካልቾና ትግል የተቀላቀለበት ፍልሚያ) የሚወድ ሰው ይቸገራል። ኳስ የሚያሳይ ቤት በየጥጉ ሞልቷል። የኤምኤምኤውን ትልቅ ድርጅት ዩኤፍሲን የሚያሳይም ፈልጎ አይታጣም። ግን አብዛኛው ቤት የሚሞላው ለግዙፎቹ ነው። ንጋኑ፣ ኡስማንና አዴሳንያ የሻምፒዮንነት ቀበቶ በያዙበት ዘመን ወንበር አይገኝም ነበር፣ አፍሪካውያን ናቸውና እኔም ከሰው ጋር እየጮህኩ አይቻለሁ። የ57 ኪሎ ሰዎች ሲገቡ ግን ሰዉ ስልኩን ያወጣል፣ ሒሳብ ይጠራል፣ አንዳንዱ ቤት ጭራሽ ወደ ማታው ኳስ ድግግሞሽ ይቀይረዋል። ይሄ ያናድደኛል። የስፖርቱ ምርጥ ክፍል እሱ ነውና።

ለዚህ ነው ስለዚህች ቤት በደንብ መጻፍ የፈለግኩት። ስታዲየም ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ፍልውሃ አቅጣጫ ትንሽ በእግር ስትሄዱ ነው የምታገኟት። ታፔላ የላትም። ማንንም የሰፈር ልጅ "ማስተር ቤት" ብላችሁ ብትጠይቁ ያደርሳችኋል። ባለቤቱ ለብዙ ዓመት ቴኳንዶ ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው ማሰልጠኑን ትተዋል። ሁሉም ማስተር ነው የሚላቸው። አንድ ትልቅ ስክሪን፣ አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ነጭ ሰሌዳ። ቤቷን ከሌሎቹ የለየው ሰሌዳው ነው።

ማስተር ዓርብ ማታ ትንታኔ ይሰጣሉ። ዓርብ የሆነበት ምክንያት አለው። ተፋላሚዎቹ አሜሪካ ላይ ዓርብ ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጡ እኛ ጋ መሽቷል፣ ስለዚህ ማን ኪሎውን እንዳመጣና ማን እንዳላመጣ ታውቆ ነው ወሬው የሚጀመረው። ሰሌዳው ላይ ስማቸው በአማርኛ ይጻፋል፣ ከስሙ ሥር ክብደቱ በኪሎ። ስትሮውዌይት 52፣ ፍላይዌይት 56.7፣ ባንተምዌይት 61፣ ፌዘርዌይት 66፣ ላይትዌይት 70። በፓውንድ የሚያወሩ ልጆች አሉ፣ ማስተር ግን በኪሎ ካልሆነ አይሰሙም፤ "ስጋ ቤት በምን ትገዛለህ?" ይላሉ።

ስለ ሚዛኑ የሚሉት ነገር ትንታኔውን ብቻ ለመስማት እንኳ ያስመጣል። አንድ ተፋላሚ በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚቀንሰው ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው። ትንሽ ሰው ደግሞ የሚያወጣው ትርፍ ውሃ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አንድ ኪሎ ለከባድ ሚዛኑ ምንም ባይሆን ለፍላይዌይቱ ብዙ ነው። ምሳሌያቸው ሁሌ ፊጌሬዶ ነው። ብራዚላዊው ዴይቬሰን ፊጌሬዶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ከጆሴፍ ቤናቪዴዝ ጋር ባዶ ለነበረው ቀበቶ ሲገጥም ኪሎውን አላመጣም። ወደ አንድ ኪሎ ገደማ አለፈ። በማግስቱ ቤናቪዴዝን ጣለው፣ አሸነፈ፣ ቀበቶው ግን አልተሰጠውም። ቀበቶውን ለማግኘት በሐምሌ ተመልሶ ያንኑ ሰው እንደገና ማሸነፍ ነበረበት። ማስተር ይሄን ሲያወሩ ልጆቹ ጸጥ ይላሉ፣ አብዛኞቹ ራሳቸው ቴኳንዶ ወይም ቦክስ የሚሠሩ ናቸውና ለውድድር ኪሎ መቀነስ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

እኛ ሀገር ለቀላል ክብደት ፊት የሚነሳበት ምክንያት አይገባኝም። ኃይሌም ቀነኒሳም ሲሮጡ ክብደታቸው 56 ኪሎ አካባቢ ነበር፣ ልክ ፍላይዌይት። ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በቴኳንዶ የተወዳደረልን በ58 ኪሎ ነው። ትንሽ ሰውነትና ትልቅ ሳንባ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቀላል ክብደት ላይ የምታዩትም ያንን ነው። የቀበቶ ግጥሚያ አምስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። ከባድ ሚዛኖቹ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ዙር ላይ አፋቸውን ከፍተው እጃቸውን ያወርዳሉ። ትንንሾቹ አምስተኛው ላይም ይሮጣሉ።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ስለሚፈጥን አይታይም። ቦክስ አስመስሎ እግር ይይዛል፣ እግር ሲለቅ ጀርባ ላይ ነው፣ ጀርባ ላይ ሲሆን አንገት ይፈልጋል፣ ይሄ ሁሉ ሻይህን አንስተህ እስክታስቀምጥ አልቋል። ለዚህ ነው ከግጥሚያው በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው የሚያስፈልገው። ማስተር እሁድ ረፋድ ላይ ግጥሚያውን ደግመው ያሳያሉ። ሪሞቱን ይዘው እያቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ፣ አንዳንዴ ከልጆቹ አንዱን አስነስተው እጁን እየያዙ።

ለአዲስ ሰው መጀመሪያ የሚያሳዩት የያኔው የፍላይዌይት ሻምፒዮን ዴሜትሪየስ ጆንሰን ሬይ ቦርግን ያሸነፈበትን ነው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2017። ጆንሰን ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ነው። አምስተኛው ዙር ላይ ቦርግን ከኋላ ወገቡን ይይዘዋል። ያነሳዋል። ወደ ኋላ ይወረውረዋል። እስከዚህ ድረስ ማንም ታጋይ የሚሠራው ነው። ማስተር እዚህ ላይ ያቆሙታል። "እጁን እዩ" ይላሉ። ቦርግ ገና አየር ላይ ነው፣ የጆንሰን እጅ ግን ወገቡን ለቆ ክንዱን ፍለጋ ሄዷል። መሬት ሲደርሱ ክንዱ ተቆልፏል፣ ቦርግ በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን ያሳውቃል። ያንን ቅጽበት በመደበኛ ፍጥነት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እጁ መቼ እንደለቀቀ ያየሁት ግን እዚያ ቤት ነው። ጆንሰን በዚያ ምሽት ቀበቶውን ለ11ኛ ጊዜ በተከታታይ አስጠበቀ፣ የአንደርሰን ሲልቫን የ10 ጊዜ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይሄን ያደረገ ሰው ስሙ በየካፌው አለመነሳቱ ይገርመኛል።

ታሪክም ይነገራል። የፍላይዌይት ክፍሉ ከዩኤፍሲ ሊዘጋ ተቃርቦ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ጆንሰን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 በሄንሪ ሴሁዶ በጠባብ ነጥብ ተሸነፈ፣ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ድርጅት ሄደ፣ ፍላይዌይቶች አንድ በአንድ ይሰናበቱ ጀመር። ሴሁዶ ማለት ቤይጂንግ 2008 ላይ በነጻ ትግል 55 ኪሎ ወርቅ የወሰደው ነው፣ ያው ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሁለት ሁለት ወርቅ ያመጡልን ኦሎምፒክ። እ.ኤ.አ. ጥር 2019 ላይ ከላይኛው ክብደት የወረደውን ቲጄ ዲላሾን በ32 ሰከንድ ጨረሰው። ክፍሉ ተረፈ። ከዚያ ፊጌሬዶና ሜክሲኳዊው ብራንደን ሞሬኖ መጡ፣ አራት ጊዜ ተገናኙ፣ የመጀመሪያው ሁለቱም ከተፋለሙ ልክ በሦስት ሳምንታቸው ነበር። ፊጌሬዶ ከወገብ በታች በመምታቱ አንድ ነጥብ ተቀንሶበት አቻ ወጡ። ማስተር ያንን የነጥብ ቅነሳ ሲያስረዱ ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ይሞላል።

ቤቷ ምን ያህል እንደምትጠቅም የታየኝ ህዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ቀበቶ፣ ባንተምዌይትና ፍላይዌይት። ዓርብ ማታ ሰዉ ሁሉ የባንተምዌይት ሻምፒዮኑን ሜራብ ድቫሊሽቪሊን ነው የመረጠው። ምክንያትም ነበረው፦ ሜራብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 የዚያኑ ሌሊት ተጋጣሚውን ፒዮትር ያንን 49 ጊዜ ለመጣል ሞክሮ 11 ጊዜ ጥሎት፣ ትንፋሽ ነስቶት ነበር ያሸነፈው። ማስተር ግን ሌላ ነገር አነሱ። ሜራብ በዚያ አንድ ዓመት ቀበቶውን ሦስት ጊዜ አስጠብቆ ነው ለአራተኛ የሚገባው፣ ሰውነት ማረፍ አለበት አሉ። ፒዮትር ያንን ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከሆድ እንዲጀምር ይመክሩት ነበር፣ ይሰማቸው ይመስል። "የሚሮጥ ሰው ሆዱ ከተመታ እግሩ ይሰማል።"

እሁድ ጠዋት ፍላይዌይቱ ቀደመ። ሻምፒዮኑ አሌክሳንደር ፓንቶጃ ከምያንማር ከመጣው ወጣት ከጆሹዋ ቫን ጋር፣ 26 ሰከንድ። ፓንቶጃ ሲወድቅ በእጁ ተደግፎ ክንዱ ተጎዳ፣ አለቀ። ቤቱ ውስጥ ብስጭት ሆነ፣ ገንዘባችን ይመለስ የሚልም ነበር። ማስተር ግን ረፋድ ላይ ያንን 26 ሰከንድ ወስደው ረጅም ጊዜ አወሩበት፦ ስትወድቅ እጅህን ዘርግተህ መሬት አትፈልግ፣ አገጭህን ሰብስብ፣ በትከሻህ ተንከባለል። ከፊት የተቀመጡት ልጆች እንዴት እንደሚወደቅ ተነስተው ሞከሩት።

ፒዮትር ያን ደግሞ ሜራብን አሸነፈ። በሦስቱም ዳኞች። የሜራብን አጣጣል እየዘጋ፣ ሆዱን በካልቾና በቦክስ እየመታ። አምስቱን ዙር ቁጭ ብሎ ካየ በኋላ ዓርብ የተባለውን ያስታወሰ ሰው ትንታኔ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ማስተር "ብዬ ነበር" አላሉም። ሜራብ የት ላይ አሁንም ጥሩ እንደነበር ነው ያሳዩት።

ሌላ የምወደው ነገር ወረቀቱ ነው። ለገባ ሰው ሁሉ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ይታደላል፣ በየዙሩ ነጥብ ትጽፋላችሁ፣ ላሸነፈው 10፣ ለተሸነፈው 9። ደንቡን መጀመሪያ ያስረዳሉ፦ ቀድሞ የሚታየው ማን የበለጠ ጎዳ የሚለው ነው፣ ወደ ፊት መሄድና መቆጣጠር የሚቆጠረው በጉዳቱ እኩል ከሆኑ ብቻ ነው። ይሄን ስታውቁ በዳኛ ላይ የሚሰማው ስድብ ግማሹ ይቀራል። የዣንግ ዌይሊንና የዮአና የንድዜይቺክን ግጥሚያ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020፣ ሴቶች በ52 ኪሎ፣ እዚያ ቤት ነጥብ እየያዝን ደግመን አይተነዋል። የዮአና ግንባር አብጦ ፊቷ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ዳኞቹ ራሳቸው ሁለት ለአንድ ነው የተለያዩት፣ እኛ ቤትም እኩል ተከፈለ፣ ክርክሩ እስከ ምሳ ሄደ። ሁለት ሴቶች ከፊት ተቀምጠው ከሁሉም የተሻለ ይከራከሩ ነበር። ሴት ሳይረበሽ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ቤት መሆኑን ለብቻው ማመስገን አለብኝ።

አሁን ደስ የማይለው። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፣ ከግድግዳ ካልተጠጋችሁ ወገባችሁን ትያዛላችሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዙር ያልፋል፣ ለ25 ደቂቃ ግጥሚያ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ማስተር ባትሪ ቢገዙ በመግቢያ ላይ 20 ብር ጨምሬ እከፍላለሁ። መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ነው፣ ንጹሕ ነው ግን ጨለማ። እሁድ ከሰዓት ቤቱ የኳስ ነው፣ ግምገማው ከረዘመ የኳስ ልጆች በሩ ላይ ተሰብስበው ማጉረምረም ይጀምራሉ።

መግቢያ ለቀጥታው 100 ብር ነው፣ የዓርቡ ትንታኔ ሻይ ካዘዛችሁ ነጻ። ቁርስ ፉል አለ፣ ቃሪያና ሽንኩርቱ ብዙ፣ በጾም ቅቤና እንቁላል ሳይገባበት ይሠራል፣ እውነት ለመናገር ያለ ቅቤው ይሻላል። ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ ለድግግሞሹ የሚመጡ ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ ተብሎ ነው ግምገማው ረፋድ ላይ የተደረገው። የውርርድ ትኬት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማስተር በዚህ አይደራደሩም፣ ብር ያስያዘ ልጅ ግጥሚያ አያይም፣ ብሩን ነው የሚያየው ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ሌላ ቤት ያለው ጭቅጭቅ እዚህ የለም።

የምትሄዱ ከሆነ በዓርቡ ጀምሩ። ቀጥታውን ለማየት ሌሊት ላይ ባቡር የለም፣ ሚኒባስም እንደ ዕድል ነው፣ ስለዚህ ወይ ቅርብ የሚኖር ጓደኛ ጋ እደሩ ወይ ታክሲ ተካፈሉ። የማትችሉ ረፋዱን ብቻ ኑ፣ ውጤቱን እንዳትሰሙ ግን ስልካችሁን ዝጉ። በግራ በኩል ከግድግዳው ጋር ያለችው አግዳሚ ሰሌዳውም ስክሪኑም ይታይባታል፣ ቀድሞ የመጣ ይይዛታል።