ማንጋ ፕላስን ከደሴ ሆኜ ስጠቀም፦ ነፃው ምን ያህል ነፃ ነው?

እሁድ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን የእህቴ ልጅ ስልኬን ቀምቶኝ ይቀመጣል። አቦሉ ገና አልተቀዳም፣ ዕጣኑ እየጨሰ ነው፣ እሱ ግን «አጎቴ፣ ወጣ! ወጣ!» እያለ ቤቱን ያምሰዋል። ያ ሰዓት ጃፓን ውስጥ ሰኞ ሊሆን እኩለ ሌሊት የሚመታበት ነው። ሹኤይሻ የሚባለው አሳታሚ የሳምንቱን አዲስ የማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ምዕራፍ ማንጋ ፕላስ በሚለው አፑ ላይ የሚለቀውም ያኔ ነው። የቶኪዮና የደሴ ልጅ በአንድ ደቂቃ አንድ ገጽ ይገልጣሉ። እኔ በሱ ዕድሜ ኮሚክ የማውቀው ዘመድ ከጅዳ ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ የሚገኝ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የተቀደደ ነገር ነበር፤ ከዚያም ለሰፈር ልጅ ሁሉ ይዞራል፣ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ገጽ ጎድሎት ነው። ስለዚህ ይሄ አፕ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አፑ የተጀመረው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ከጃፓን (የቶኪዮው ልጅ የሚያነበው በሌላ መንገድ ነው)፣ ከቻይናና ከደቡብ ኮሪያ በስተቀር የትም ይሰራል። ይሄን የምለው፣ ቪዝ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ ያለው ሾነን ጃምፕ የሚባለው አፕ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ለተወሰኑ አገሮች ብቻ ስለሆነ ነው፤ ኢትዮጵያ ከነሱ ውስጥ የለችም።

አሁን ወደ ነፃው ልግባ። በመውጣት ላይ ያሉ ታሪኮችን በእንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው በነፃ ታነባላችሁ፣ ግን እያንዳንዱን ምዕራፍ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹና የቅርብ ጊዜዎቹ ጥቂት ምዕራፎች ናቸው። ለትልቅ ሰው ይሄ ይበቃል። ለልጅ ግን አይበቃም። ልጅ ኮሚክ አያነብም፣ ይመላለስበታል። የኛው ልጅ የመሃል ምዕራፍ ውስጥ ያለ አንድ የፍልሚያ ገጽ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሞ፣ ጣቱን እየዘረጋ የጀግናውን ዓይን አጉልቶ ያያል፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ይስለዋል። በማግስቱ ስዕሉን ሊጨርስ ሲመለስ ተቆልፏል። ፊቱን ብታዩት! «አብሽር፣ መላ እንፈልጋለን» አልኩት።

መላው ማክስ የሚባለው ክፍያ ነው። መደበኛው በወር 1.99 ዶላር፣ ያለቁ ታሪኮችን የሚጨምረው 4.99 ዶላር ነው። ሲያዩት የሻይ ዋጋ ይመስላል። ግን ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 114 ብር የነበረው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከብሩ የባሰው ደግሞ ካርዱ ነው። ክፍያው ውጭ አገር የሚሰራ ካርድ ይፈልጋል፣ እኔ በእጄ ያለው የብር ካርድ ነው፣ ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴም መለሰብኝ። በመጨረሻ ጅዳ የሚሰራው የልጁ አባት በራሱ ካርድ ለሁለት ወር ከፈለልን። ወሎ ውስጥ ዘመድ አረብ አገር የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ መንገዱ ይሄው ነው።

ዳታውን ስልኬ ላይ ገብቼ አየሁት፤ አንድ ጥቁርና ነጭ ምዕራፍ ከ10 ሜጋ ብዙም አይርቅም። ሃያ ምዕራፍ በአንድ ቁጭታ ካነበባችሁ ግን ፓኬጁ የት እንደሄደ አታውቁትም። ዌብቱን በሚባለው ሌላ አፕ ላይ ያሉት፣ ወደ ታች እየሳባችሁ የምታነቧቸው ባለቀለም ኮሚኮች፣ በኔ ስልክ ከዚህ በላይ ይበላሉ። ስለዚህ ሳምንታዊውን በዳታ፣ የቆየውን በዋይፋይ ነው የምናነበው። ኔትወርክ ሲዳከም ገጹ ግማሹ ይመጣና ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያኔ ቡናችንን እንጠጣለን። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ለወራት ምንም አልነበረም።

ስለ ንባቡ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። እኔ ለመልመድ ሳምንት ፈጀብኝ፣ መልሱን ከጥያቄው በፊት እያነበብኩ ታሪኩ ይምታታብኝ ነበር። ልጁ ግን ቁርአን ቤት ስለሚሄድ ምንም አልከበደው፤ ገና ሲከፍተው ከቀኝ ጀመረ። ሁለት ገጽ ሙሉ የሚይዝ ትልቅ ስዕል ሲመጣ ስልኩን ማጋደም ነው፣ ሌላ ዘዴ የለም፤ ጽሑፉም በትንሽ ስልክ ዓይን ያደክማል።

ቋንቋው ግን ይቆጨኛል። እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ፣ ቬትናምኛ ሳይቀር አለ። አማርኛ የለም። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩ ነው ግማሹን የምናነበው። ኤታን ኮሚክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ኮሚክ አሳታሚ የራሳችንን ጀግኖች በአማርኛም ማውጣቱ ለዚህ ነው የሚያስደስተኝ፤ ልጁ ብቻውን የሚያነበው ያንን ነው።

የአሜሪካ ኮሚክ ለምትወዱ ማርቭል አንሊሚትድ የሚባለው አፕ በወር 9.99 ዶላር ነው። ከ30,000 በላይ እትም አለው፣ አዲሱ ግን ከወጣ 3 ወር ቆይቶ ነው የሚገባው። በኛ ኪስ አልመክረውም።

ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ነፃውን ተጠቀሙ። ቤት ውስጥ ሁለት አንባቢ ካለ፣ አንዱ ቀድሞ እንዳይከፍተው ተስማሙና ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ያቺ አንዷ ዕድል ለሁለታችሁም ትሆናለች። እኛ ማክሱ ካለቀብን ወዲህ እንዲያ እያደረግን ነው፣ ልጁም የሚስለውን ገጽ ገና ክፍት እያለ ይጨርሳል።