የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ፦ በራስ ወይስ በአማካሪ?

በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው የፕላን ስምምነት (ሊሠራ የታሰበው ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚስማማ የሚሰጥ ማረጋገጫ) እና የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻውን ራሱ ለከተማው አስተዳደር ያስገባ ወይስ ለአማካሪ ይስጠው ብሎ ማመንታቱ የተለመደ ነው።

ወጪ፦ በራስ ማስገባት የአማካሪውን ክፍያ ያስቀራል፤ ከገጠር ለሚመላለስ ሰው ግን የመጓጓዣውና የባከነው የሥራ ቀን ሒሳብ ቀላል አይደለም።

ስጋት፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በምድብ «ሐ» አስቀምጦ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሥራ የስትራክቸር ስሌት (ሕንፃው ጭነቱን መሸከሙን የሚያሳይ ስሌት) ስለሚጠይቅ ያለ ባለሙያ የሚሞከር አይደለም። በይዞታ ማረጋገጫው ላይ ያለው ስፋትና ንድፉ አለመጣጣማቸውንም ጥሩ አማካሪ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ያየዋል። (አማካሪና ጉዳይ አስፈጻሚ ግን አንድ አይደሉም፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ወረቀት ያደርሳል እንጂ ንድፍ አያርምም።)

ሰነዱ ተሟልቶለት በከተማው ለሚኖርና ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ለሚሠራ ሰው በራስ ማስገባቱ ይስማማዋል፤ ፎቅ ለሚሠራ ወይም ወሰኑ ለሚያከራክረው ግን አማካሪ ይሻለዋል።