የዘላቂነት ሪፖርት ማረጋገጫ፦ ውስን ወይስ ምክንያታዊ?

አንድ ኩባንያ በዘላቂነት ሪፖርቱ፣ ማለትም በአካባቢና በማኅበረሰብ ላይ ስላለው ተጽዕኖ በሚያወጣው ዘገባ፣ የካርቦን ልቀቱን ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ጽፎ ሲያቀርብ ባለሀብቶችና አበዳሪ ባንኮች ቢጠራጠሩ ተገቢ ነው፤ ገለልተኛ መርማሪ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። የመርማሪው ማረጋገጫ ግን ሁለት ደረጃ አለው።

ውስን ማረጋገጫ፦ መርማሪው በዋናነት ኃላፊዎችን ይጠይቃል፣ አሃዞችን ያነጻጽራል፤ መደምደሚያውም «ሪፖርቱ ጉልህ ስህተት አለበት የሚያሰኝ ነገር አላጋጠመንም» የሚል ነው።

ምክንያታዊ ማረጋገጫ፦ መርማሪው የውስጥ ቁጥጥሩን (ኩባንያው የራሱን መረጃ የሚያጣራበትን አሠራር) ይፈትሻል፣ የነዳጅና የመብራት ደረሰኞችን ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል፣ ሲያስፈልግም ፋብሪካው ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያም ሪፖርቱ በመስፈርቱ መሠረት መዘጋጀቱን በቀጥታ ይመሰክራል።

ወጪ፦ የመጀመሪያው ይቀላል፤ ሁለተኛው ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል።

ስጋት፦ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ብዙ አንባቢ «ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ስለሚያልፍ፣ ውስኑን እንደ ሙሉ ምስክርነት ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ኩባንያው ደረጃውን በግልጽ መጻፍ አለበት።

ተስማሚነት፦ የመረጃ አሰባሰቡ ገና ላልጠነከረ ኩባንያ ውስኑ ይበቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የዘላቂነት ሪፖርት መመሪያም የሚጠይቀው ውስኑን ነው። የብድር ወለዱ ከልቀት ቅነሳ ጋር ለተሳሰረ ኩባንያ ግን ቢያንስ የልቀት አሃዙ ምክንያታዊ ማረጋገጫ ቢያገኝ ይሻላል፤ ቀሪውን የሪፖርቱን ክፍል በውስኑ ማስመርመር ይቻላል።