ጫማውን የምታየዋ ልጅ

ሥዕል ልገዛ አልነበረም የሄድኩት። የልጄን የምረቃ ፎቶ ፍሬም ላስገባ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሥዕል ቤት ጎራ አልኩ። ግድግዳው ላይ አምስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ሁሉም የገጠር ልጆች ናቸው።

ሦስቱን እለፏቸው። ጎጆ፣ ጀንበር፣ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ። የእረኛው ጋቢ ወተት ይመስላል። እኔ ኩታበር ፍየል ስጠብቅ እንዲህ የነጣ ጋቢ የለበሰ እረኛ አላየሁም።

አራተኛው ላይ እግሬ ቆመ። ዘመኑ 1967 ነው። ካኪ የለበሰ የእድገት በኅብረት ዘማች፣ ደርግ ወደ ገጠር ከላካቸው ተማሪዎች አንዱ፣ መንደር ገብቶ የመሬት ላራሹን አዋጅ ያስረዳል። ገበሬዎቹ አፍ አፉን ያያሉ። ግልገል ያቀፈች ባለ ጋሜ ልጅ ግን ዓይኗ ጫማው ላይ ነው።

እኔን ነው የሳለው! ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ የሰው መሬት በእኩል ነበር የሚያርሰው። አዋጁ የካቲት 25 ከወጣ በኋላ ቤታችን ስንት ማታ ስለ መሬት ሲወራ ያመሽ ነበር። እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝኩት ባለ ማሰሪያውን ጫማ ነው።

ሠዓሊው ገና ልጅ እግር ነው። "ይሄን ማን ነገረህ?" አልኩት።

"እናቴ ናት እትዬ። እሷም በባዶ እግሯ ነው ያደገችው።"

እናቱን ጠይቆ ሲያበቃ ታዲያ ከተሰበሰቡት መሃል አንድም ሴት አላስገባም። እናቶቻችን እኮ ቡና እያፈሉም ጆሯቸው ደጅ ነበር። ይሄን ስነግረው ሳቀና ራሱን አከከ።

አምስተኛው የ1971ዱ መሠረተ ትምህርት ነው። ሽማግሌው እርሳሱን እንደ እርፍ ጨብጠውታል፣ የልጅ ልጃቸው በኩራዝ ብርሃን ፊደል ታሳያቸዋለች። እሱን ብወስድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው ቀድሞኛል።

ዘማቹን 6,000 ብር ብሎኝ በ4,500 ተስማማን። ለሥዕሉ አይቆጨኝም። የሥዕሉ ፍሬም ግን ጉድ ነው። ለሐሙስ ተባልኩ፣ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ፣ ቤት ሳይገባ አንዱ ማዕዘኑ ተላቀቀ። የሥዕል ቤቱ ባለቤት "ምስማር ምታበት" ብሎ ለልጄ በስልክ መከረው።

የምትገዙ ከሆነ ሸራውን ጠቅልላችሁ ውሰዱና ፍሬሙን ሌላ ቦታ አሠሩ። የምረቃው ፎቶ እስካሁን እነሱው ጋ ነው።