«1500 ፓውንድ ያነሳል» የሚባለውን ርካሽ የሞተር ክሪክ እንዳትገዙ

ትልልቅ ሞተር (ሞተርሳይክል) የምትነዱ ወገኖች፣ በተለይ እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ኦንላይን ላይ ከ100 ዶላር በታች የሚሸጥ ቀይ የሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚያነሳ፣ ክሪክ አለ። ማስታወቂያው «1500 ፓውንድ ያነሳል፣ ለሁሉም ሞተር ይሆናል» ይላል። አትግዙት። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ብጠራውም ብዙ አይረዳችሁም። ያው ዕቃ፣ ያው ፎቶ፣ በሌላ ስም በሰማያዊ ቀለም ወጥቶ አይቻለሁ። እሱ ደግሞ ጭራሽ 1700 ፓውንድ ያነሳል ተብሏል።

እኔ ያዘዝኩት የኋላ ጎማዬን ቤት ውስጥ ለመፍታት ነበር። ለረጅም መንገድ የሚሠራ የጉዞ ሞተር ክብደቱ ቀልድ አይደለም። የሃርሊ ኤሌክትራ ግላይድ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ከ2018ቱ ሞዴል ቀድሞ የነበረው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ከ400 ያልፋል። አዲሱ ቀለል ብሏል ቢባልም ከ350 በላይ ነው። 1500 ፓውንድ ማለት ደግሞ 680 ኪሎ ነው። ይህን ያየ ሰው «ተርፎኝ!» ብሎ ካርዱን ያወጣል። ማጥመጃው እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ዘይቱ ምን ያህል ሸክም መግፋት እንደሚችል ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ግን ክሪኩ አቅም ስላነሰው ሳይሆን ሲንሸራተት፣ ሲንጋደድ ወይም ቀስ እያለ ሲወርድ ነው።

ካርቶኑን ስከፍት መመሪያ የሚባል ነገር የለም። ፓምፑ ሥር ዘይት አርሷል። ሞተሩ የሚያርፍባቸው ሁለት ክንዶች ላይ ያለው ጎማ በሙጫ የተለጠፈ ስስ ነገር ነው፣ በጥፍር ይነሳል። የከፋው ግን መቆለፊያው ነው። ደህና ክሪክ ላይ ሞተሩን ካነሳችሁ በኋላ አንድ የብረት ዘንግ ጥርሱ ውስጥ ይገባል፣ ሸክሙንም ብረቱ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ቢያፈስም ሞተራችሁ የትም አይሄድም። የኔው ላይ ዘንጉ ጥርሱ ውስጥ አይቀመጥም፣ ጫፉ ላይ በጥፍር ስፋት ተንጠልጥሎ ይቀራል። በጉልበት ወደ ውስጥ ስገፋው ተመልሶ ይወጣል።

ጎረቤቴ አዲስ አበባ እያሉ የከባድ መኪና መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው የክንዱን ብየዳ ቀለም በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። «ይሄ ብየዳ አይደለም ልጄ፣ ማስቲካ ነው» አሉኝ።

ሞተሬን አልጫንኩበትም። አንድ ጓደኛዬ የቤቱን መግቢያ ሊያስጠግን የገዛው ባለ 80 ፓውንድ የኮንክሪት ከረጢት ነበረው። አስሩን በወፍራም ጣውላ ላይ ደርድረን ጫንንበት። 800 ፓውንድ፣ ማለትም 363 ኪሎ ገደማ ነው። ከወለሉ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርገን፣ ከጎን ባቆምነው እንጨት ላይ ቁመቱን በቴፕ ምልክት አድርገን ምሳ በላን። ስንመለስ ከቴፑ ከሁለት ጣት በላይ ወርዷል። ከሥሩም ዘይት ተንጠባጥቧል። እንግዲህ የተጻፈለትን ግማሽ ያህል ነው የተሸከመው።

«ለሁሉም ሞተር ይሆናል» የሚለውም ውሸት ነው። ሃርሊ የጉዞ ሞተር ሥር ግራና ቀኝ የሚሄዱ ሁለት የሻንሲ ቱቦዎች አሉ፣ ክሪኩ ማረፍ ያለበት እነሱ ላይ ነው። መሃል ላይ ያለው የዘይት መያዣ ነው። እሱን ገፍታችሁ ካነሳችሁ ስንጥቁን የምታዩት በኋላ ነው። ጎልድ ዊንግ ሥር ደግሞ እንዲህ ያለ ምቹ ማረፊያ የለም። ለሱ ተብሎ የተሠራ ማስተካከያ ለብቻው ይገዛል። ማስታወቂያው ስለዚህ አንድ ቃል አይተነፍስም። ዝቅ የተደረገ ሞተር ካላችሁማ ክሪኩ ጭራሽ ከሥሩ ላይገባ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ከወለሉ እስከ ሻንሲው በሜትር ለኩና ከክሪኩ ዝቅተኛ ቁመት ጋር አስተያዩት።

ደህና ክሪክ ብትገዙም ብቻችሁን አታንሱ። አንድ ሰው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው የክሪኩን ፔዳል ይርገጥ። ወለሉ ደልዳላ ኮንክሪት ይሁን። በበጋ አስፋልት ላይ የክሪኩ ትንንሽ ጎማዎች ይሰምጣሉ። የፊት ፍሬኑን በማሰሪያ ጨምቃችሁ እሰሩት። ሞተሩንም ግራና ቀኝ በቀበቶ ከክሪኩ ጋር ወጥሩት። ጎማው መሬት እስኪለቅ ብቻ አንሱ። የኋላ ጎማ ሲወጣ ክብደቱ ወደፊት ስለሚያደላ አፍንጫው ሊደፋ ይችላል፤ ስለዚህ ከፊት በኩል ሻንሲው ሥር ጠንካራ እንጨት አስገቡ። ልጆችን ከጋራዡ አስወጡ። ይህን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም ነበር፣ ግን ሕፃን ታቅፎ ክሪክ የሚረግጥ ሰው በቪዲዮ አይቻለሁ።

«ከትልቅ ሱቅ ከገዛሁ ምን አለብኝ» የምትሉም አላችሁ። በ2020 ሃርበር ፍሬይት የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የመሣሪያ ሱቅ ፒትስበርግ በሚል የንግድ ስም የሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን የመኪና መደገፊያዎች፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ መልሶ ለመሰብሰብ ጥሪ አቅርቧል። ጥርሱ በደንብ ስለማይነክስ ሸክም እንደያዙ ድንገት ሊወርዱ ይችሉ ነበር። በምትካቸው ከተሰጡት ውስጥም የብየዳ ጉድለት ያለባቸው ተገኝተው እንደገና ተጠሩ። ልዩነቱ ትልቁ ሱቅ አድራሻ አለው፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ብራችሁን ትቀበላላችሁ።

የኔው ሻጭ «ውድ ደንበኛ፣ 20 ዶላር እንመልስልዎ፣ ክሪኩን ያስቀሩት» አለኝ። እምቢ ስል «የመላኪያውን እርስዎ ይክፈሉ» አለ። ይህን ብረት ወደ መጣበት መላክ ከዋጋው በላይ ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ስለዚህ በሱ በኩል አትድከሙ። የከፈላችሁት በክሬዲት ካርድ ከሆነ ሕጉ ከጎናችሁ ነው። ክፍያው የታየበት የካርድ ሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ድርጅታችሁ በጽሑፍ አቤት በሉ። ዴቢት ካርድ ላይ ይህ መብት እንዲህ አይሠራም። እኔ የመቆለፊያውን፣ የብየዳውንና የቴፑን ፎቶ ከማስታወቂያው ቅጂ ጋር አያይዤ ላክሁ፤ ገንዘቤ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ማስታወቂያውን ስትገዙ ወዲያው ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ ሻጮቹ ቅሬታ ሲበዛባቸው ያጠፉታል።